ለቤተሰባችሁ የሚሆን ውሻ አመራረጥ፦ ጎንደር ለምትኖሩ ደረጃ በደረጃ

በየጊዜው ሰው ይደውልልኛል። «ውሻው ልጁን ነከሰብኝ»፣ «ቡችላዋ በሳምንቷ ሞተችብኝ»፣ «ከአቅሜ በላይ ሆነ፣ የሚወስድልኝ ሰው ፈልግልኝ»። እንዴት መረጣችሁት ብዬ ስጠይቅ መልሱ አንድ ነው። ፎቶውን አይተው ወደዱት፣ ገዙት።

መጀመሪያ ቤታችሁን እዩ፣ ውሻውን መጨረሻ ላይ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። በተለይ ደረጃ 3ን ሳትጨርሱ ቡችላ ለማየት አትሂዱ። ልጆች ቡችላ አቅፈው ሲያለቅሱ ማንም ወላጅ በደንብ አያስብም።

አስቀድማችሁ የምታዘጋጁት፦ ሜትር፣ ደብተር፣ እና ቢያንስ 2 ሳምንት ጊዜ። ለበዓል ስጦታ ብላችሁ በጥድፊያ የምትገዙ ከሆነ ተዉት፣ በዓሉ ይለፍ።

ደረጃ 1፦ ቤተሰቡን ሰብስቡ

ቡና ሲፈላ ጥሩ ጊዜ ነው፣ ሁሉም ይገኛል። አያት ካሉ እሳቸውም ይኑሩ። እነዚህን ጠይቁና መልሱን በስም ጻፉ፦

1. ጠዋት ከሥራና ከትምህርት ቤት በፊት የሚያበላው ማነው?
2. በየቀኑ ይዞት የሚወጣው ወይም ግቢ ውስጥ የሚያሯሩጠው ማነው?
3. ኩሱን የሚያነሳው ማነው?
4. ቤተሰቡ ለፋሲካ አገር ቤት ሲሄድ ማን ጋ ይቆያል?

«ልጆቹ» የሚል መልስ አትቀበሉ። የ10 ዓመት ልጅ ያግዛል እንጂ ኃላፊ አይሆንም። መልሱ «ሠራተኛዋ» ከሆነ ደግሞ እሷን ራሷን ጠይቋት። ውሻ እየፈራች እንድታበላ የምትገደድ ልጅ ምግቡን ከሩቅ ወርውራ ትሸሻለች፣ ውሻውም ሰው ሲሸሸው ማባረር ይለምዳል። ከዚያ በኋላ ማስተው ከባድ ነው።

ውሻ ሳሎን እንዳይገባ የሚፈልግ ሰው ካለ ክርክር አትግጠሙ። ቅዳሴ የሚሄድ ሰው ነጠላውን ውሻ እንዲነካበት አይፈልግም፣ ለሰላት የሚዘጋጅም የውሻ ለሃጭ እንዳይነካው ይጠነቀቃል። ይህ የቤታችሁ ሕግ ከሆነ ጻፉት፣ ትንንሾቹን የቤት ውስጥ ውሾችም ከምርጫችሁ አውጡ። እነሱ ደጅ ማደር አይችሉም።

ተከራዮች ከሆናችሁ ከአከራያችሁ ግልጽ «እሺ» ሳታገኙ አትቀጥሉ። «አሁን ይግባ፣ በኋላ ይለምዱታል» ብሎ የገዛ ሰው ቤት ወይም ውሻ ለመልቀቅ ሲገደድ አይቻለሁ።

ተጠንቀቁ፦ ከአዋቂዎቹ አንዱ እንኳ አጥብቆ ካልፈለገ እዚሁ አቁሙ።

ደረጃ 2፦ ግቢውን ለኩ

አጥሩን ለኩ። ለትልቅ ውሻ ከ1.8 ሜትር ያነሰ አጥር አያስተማምንም። ከዚያ ተንበርከኩና ከቆርቆሮውና ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት እዩ። የቡችላ ጭንቅላት ከገባ መላ አካሉ ይወጣል። በድንጋይ ድፈኑት።

ግቢው የጋራ ከሆነ፣ ማለትም ሁለት ሦስት ቤተሰብ በአንድ በር የሚገባበት ከሆነ፣ ለጥበቃ ተብለው የሚዳቀሉ ዘሮችን እርሷቸው። ውሻው እናንተን ቤተሰብ፣ የጎረቤት ልጆችን ደግሞ ባዕድ ካደረገ መዘዙ ለእናንተ ነው።

ክረምቱንም አስቡ። የእኛ ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ፋታ አይሰጥም፣ ሌሊቱም ይበርዳል። የውሻው ቤት ወለል ከመሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ በሩም ዝናብ ወደማይመጣበት አቅጣጫ ይዙር። አዘዞ በኩል ወይም ሌላ የከተማው ዳርቻ ላይ የምትኖሩ ደግሞ ጅብን አትርሱ። ቡችላ ሌሊት በሚዘጋ ቦታ ማደር አለበት።

አንድ ሰው ሁሉ የሚረሳው ነገር አለ። ጥር 11 እንግዳ ሲጎርፍ፣ በሩ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ሲውል፣ ውሻው የት ነው የሚሆነው? የሚዘጋ ጓሮ ወይም ክፍል ከሌላችሁ ትልቅ ጠባቂ ውሻ አትግዙ።

«በሰንሰለት አስረዋለሁ» የሚል መልስ መልስ አይደለም። አንድ ግቢ ውስጥ ያየሁት ጀርመን ሸፐርድ ከታሰረበት የብረት ችካል ዙሪያ ሣሩን ጨርሶ አፈሩን አጎድጉዶታል። የሰንሰለቱ ርዝመት መሬቱ ላይ እንደ ክብ ተስሎ ይታያል። አንገቱ ሥር ያለው ፀጉር አልቋል። በየቀኑ በምታበላው ሴትዮ ላይ እንኳ ያጉረመርም ነበር። ቤተሰቡ ክፉ አልነበረም፣ ለዚያ ውሻ የሚበቃ ቦታና ጊዜ ግን አልነበረውም።

ደረጃ 3፦ የምግቡን ሒሳብ ሥሩ፣ ጾሙን ጨምራችሁ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

በቤት ምግብ የሚያድግ አዋቂ ውሻ በቀን በግምት ከክብደቱ 2 እስከ 3 በመቶ ይበላል። 30 ኪሎ የሚመዝን ጀርመን ሸፐርድ ከ600 እስከ 900 ግራም ማለት ነው። በየቀኑ። 18 ኪሎ የሚመዝን የሐበሻ ውሻ ደግሞ ከግማሽ ኪሎ ብዙም አያልፍም። ቡችላ በሚያድግበት ጊዜ ከክብደቱ አንጻር ከዚህም በላይ ይፈልጋል።

«ከእኛ የተረፈውን ይበላል» የምትሉ፣ የተረፈው ምን እንደሆነ ለአንድ ሳምንት ደብተሩ ላይ መዝግቡ። እንጀራና ሽሮ ነው አይደል? ወጡ ውስጥ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለ፣ ሁለቱም ደሙን ይጎዱታል። በርበሬው ሆዱን ያውከዋል። ድርቆሽ ብቻ የሚበላ ውሻ ደግሞ ሆዱ ይሞላል እንጂ አያድግም። ሸፐርድ ቡችላ በ5 ወሩ እግሩ ተወላግዶ ያያችሁ ካላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ ከምግብ ይጀምራል።

አሁን ወደ ጾሙ እንምጣ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ልኳንዳው ይዘጋል፣ ቤት ውስጥ ሥጋም እንቁላልም አይገባም፣ ድስቱም የጾም ነው። ውሻው ግን አይጾምም። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አመቻቹ፦

- ለውሻው ብቻ የሚሆን ድስት፣ ማንኪያና የከሰል ምድጃ ደጅ ላይ አዘጋጁ። ይህ ከሆነ የቤቱ የጾም ዕቃ አይነካካም፣ እናትም አትቆጣም።
- እንቁላል ቀቅሉለት፣ ከሩዝ ወይም ከድንች ጋር ደባልቁ። የጣና ዓሣ ካገኛችሁ ቀቅሉና እሾሁን ጨርሳችሁ ልቀሙ።
- ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ የተቀቀለ ምስር መጨመር ይቻላል።
- ከቅበላ በፊት ሥጋ ገዝታችሁ ፍሪጅ ውስጥ የምታስቀምጡ ከሆነ በመብራቱ አትተማመኑ። በትንሽ በትንሹ ቋጥሩት፣ ቀልጦ ከቆየ አትስጡት።

ተጠንቀቁ፦ በግ ሲታረድ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ አትወርውሩ። በተለይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ያለበትን። ውሻው ከዚያ የሚይዘው ጥቃቅን የኮሶ ትል እንቁላሉ በኩሱ ይወጣል፣ ልጆች እጅ ላይ ያርፋል፣ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ትልልቅ የውሃ ከረጢት ይሠራል። ሳንባና ጉበት በደንብ ይቀቀል፣ እባጭ ያለበት ይቀበር ወይም ይቃጠል። የተቀቀለ አጥንትም አትስጡ፣ ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል።

የወሩን ወጪ ደምሩ። ክትባትና የትል መድኃኒት ጨምሩበት። ቁጥሩ ካስደነገጣችሁ አነስ ወዳለ ውሻ ውረዱ።

ደረጃ 4፦ አሁን ዘሩን ምረጡ

የሐበሻ ውሻ። ደጅ ለሚያድር፣ ልጆች ላሉበት፣ በጀቱ መካከለኛ ለሆነ የጎንደር ቤተሰብ መጀመሪያ የምመክረው እሱን ነው። አየሩን ለምዶታል፣ ትንሽ ይበቃዋል፣ ንቁ ነው፣ ባዕድ ሲመጣ ይጮኻል። ሰው የሚንቀው ዋጋ ስለማይወጣበት ይመስለኛል። እናቱን ከምታውቋት ቤት ውሰዱ፣ ከሰው ጋር ያደገች፣ ልጅ ሲቀርባት የማትደነብር እናት። አንድ ስህተት ግን አለ። «የሐበሻ ውሻ አይታመምም» ይባላል። ይታመማል። ፓርቮም (ቡችላን በማስመለስና ደም በቀላቀለ ተቅማጥ የሚገድል የቫይረስ በሽታ ነው) የእብድ ውሻ በሽታም ዘር አይመርጡም፣ ክትባቱ ለሁሉም እኩል ነው።

ጀርመን ሸፐርድ። ወንዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ፣ ሴቷ ከ22 እስከ 32 ኪሎ ትመዝናለች። ብልህ ነው፣ ቤተሰቡን ይወዳል፣ ግን ሥራ ይፈልጋል። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መንቀሳቀስና መሠልጠን አለበት። ያንን ካጣ ልብስ ከገመድ ያወርዳል፣ ይቆፍራል፣ ላየው ሁሉ ይጮኻል፣ በመጨረሻም ይናከሳል። ዓመቱን ሙሉ ፀጉሩ ይረግፋል። የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዘር ይወርሳል፣ ስለዚህ እናትና አባቱ ሲራመዱ እዩ። በደረጃ 1 ጥያቄ 2 ላይ የአዋቂ ስም ካልጻፋችሁ ይቅርባችሁ።

ክልስ። ገበያ ላይ «ፒዩር ሸፐርድ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ክልስ ነው። ክልስ መሆኑ ምንም አይደለም፣ ጥሩ የቤተሰብ ውሻ ይወጣዋል። የፒዩር ዋጋ ግን አትክፈሉበት። የጆሮ ነገር ደግሞ አያታልላችሁ፣ የሸፐርድ ጆሮ በ2 ወሩ መውደቁ የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው። ማስረጃው የወላጆቹ መልክ ነው።

ላብራዶር። ለልጆች የሚስማማ፣ ትዕግሥተኛ። ጠባቂ ግን አይሆንም፣ ሌባውንም ጭራውን እየቆላ ሊቀበለው ይችላል። ጥጋብ አያውቅም፣ ልጆች ከማዕዱ እየቆረሱ ካጎረሱት ባንድ ዓመት ይወፍራል። ምግቡን የሚለካ አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

ሮትዋይለር። ወንዱ 50 ኪሎ ያልፋል። በትክክል ካሳደጉት ለቤተሰቡ ገራም ነው፣ ግን የመጀመሪያ ውሻችሁ አይሁን። እንግዳ የሚበዛበት ቤት፣ ማኅበር የሚጠጣበት ቤት፣ የጎረቤት ልጅ ሳይጠራ የሚገባበት ቤት ለእሱ አይሆንም።

ሃስኪ። ሰማያዊ ዓይኑን አይተው የሚገዙት በዝተዋል። የተዳቀለው በበረዶ ላይ ሸክም እየጎተተ ረጅም መንገድ እንዲሮጥ ነው። አጥር ይዘላል፣ ይቆፍራል፣ ሌሊት ያላዝናል፣ የጎረቤት ዶሮ ያድናል። መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ በዚያ ሁሉ ፀጉር ይጨነቃል። አትግዙ።

ትንንሾቹ፣ እንደ ማልቲስና ፑድል ያሉት፣ ኮንዶሚኒየም ለሚኖርና ውሻ ቤት ውስጥ ለሚፈቅድ ይሆናሉ። ፀጉራቸው በየቀኑ መበጠር አለበት። ከ5 ዓመት በታች ልጅ ካለ ቆዩ። ልጁ ከእጁ ቢጥለው እግሩ ይሰበራል፣ ሲጨነቅ ደግሞ የሚነክሰው ፊት ነው።

ደረጃ 5፦ ዕድሜና ፆታ

ከ8 ሳምንት በታች አትውሰዱ። ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው አነካከሱን መጠን የሚማረው። ሴቷ በግምት በየ6 እና 7 ወሩ ወንድ ትፈልጋለች፣ ያኔ የሰፈሩ ወንዶች በራችሁ ላይ ያድራሉ። ወንዱ ደግሞ ሴት ሸቶት አጥር ይጥሳል። ማምከን ሁለቱንም ያቃልላል፣ ሐኪሙን ስለ ጊዜው አማክሩ። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁና ጊዜ ከሌላችሁ ጠባዩ የታወቀ፣ ልጅ ያለበት ቤት ያደገ የ2 ዓመት ውሻ ከቡችላ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ቡችላውን ካደገበት ቤት ሄዳችሁ መርምሩ

ይህን የምጽፈው እኔም ስለተጎዳሁበት ነው። ከዓመታት በፊት ቪዲዮ አይቼ አንዲት የሸፐርድ ቡችላ ገዛሁ። ሻጩ መናኸሪያ አጠገብ በካርቶን ይዟት መጣ። «2 ወር ሞልቷታል፣ ሙሉ ክትባት አላት» አለኝ። ሆዷ ክብ ነበር፣ ጠግባ መስሎኝ ደስ አለኝ። አፏን ከፍቼ ብሆን ኖሮ የኋላ ጥርሶቿ ገና እንዳልወጡ አይ ነበር። በ6ኛው ቀን ማስመለስ ጀመረች፣ ከዚያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ መጣ፣ ሽታው እስካሁን አይረሳኝም። ልጄ ካልሲዋን ቀዝቃዛ እግሮቿ ላይ ልታጠልቅላት ስትሞክር ነው የሞተችው።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ፦

1. በቀን፣ በብርሃን፣ ካደገበት ቤት ሂዱ። «መንገድ ላይ እናገናኝህ» ካሏችሁ አትሂዱ።
2. መጀመሪያ እናቱን እዩ። የምትደነብር ወይም የምትናከስ ከሆነች ተመለሱ።
3. ሳትነኩ 10 ደቂቃ ቁሙና ቡችሎቹን ተመልከቱ። ጥግ ይዞ የሚንቀጠቀጠውን በአዘኔታ አትምረጡ። ወንድሞቹን ሁሉ እየነከሰ የሚጥለውንም ተዉት። መጥቶ አሽትቷችሁ ወደ ጨዋታው የሚመለሰው ለቤተሰብ ይሆናል።
4. ከኋላው ቁልፍ ጣል አድርጉ። መደንገጡ ጤነኛ ነው፣ ቶሎ ተረጋግቶ ከተመለሰ ጥሩ ነው።
5. አፉን ክፈቱ። ድዱ ሮዝ ይሁን፣ ነጭ ከሆነ ደም የለውም። በ8 ሳምንቱ 28ቱ የወተት ጥርሶች ወጥተው ያልቃሉ፣ የኋላዎቹ ከጎደሉ ዕድሜው ተዋሽቷል።
6. ዓይኑ፣ አፍንጫውና ጆሮው ንጹሕ ይሁን። ሆዱ ተነፍቶ ጎኑ ከሳ ከሆነ ትል አለበት። ከጭራው ሥር ተቅማጥ ካለ አትውሰዱ።
7. ፀጉሩን በጣታችሁ ገልጡ፣ መዥገር፣ ቁንጫ፣ እከክ እዩ።
8. የክትባት ካርድ ጠይቁ። ቀን፣ የክትባቱ ስም፣ የብልቃጡ ተለጣፊ እና የሐኪሙ ፊርማ ከሌለበት እንዳልተከተበ ቁጠሩት።

አንዱ ከጎደለ «ነገ እመለሳለሁ» ብላችሁ ውጡ። ቀብድ አትስጡ።

ደረጃ 7፦ ሐኪም

በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ውስጥ አስመርምሩ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው ምክር ለመጠየቅ ሩቅ አትሄዱም። የፓርቮና ተዛማጅ በሽታዎች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጀምሮ በየ3 እና 4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይደገማል። አንድ መርፌ ብቻ «ሙሉ ክትባት» አይባልም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ ይጀምርና ሐኪሙ በሚነግራችሁ ቀን፣ በተለምዶ በየዓመቱ፣ ይደገማል። እስኪጨርስ ድረስ መንገድ ላይ ከሌሎች ውሾች ጋር አታገናኙት።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት

ለልጆች ሦስት ሕግ ንገሩ፣ በየቀኑም ድገሙት። ሲበላ አትቅረቡ፣ ሲተኛ አትቀስቅሱ፣ ጭራና ጆሮ አትጎትቱ። ትንሽ ልጅና ውሻ ብቻቸውን አይቀመጡም፣ ለደቂቃም ቢሆን። ለቡችላው ምግብ በቀን 4 ጊዜ በትንሽ በትንሹ ስጡ። እስከ 14 ሳምንቱ ያየውንና የሰማውን ነው የማይፈራው፣ ስለዚህ ነጠላ የለበሰ፣ ዣንጥላ የያዘ፣ ጢም ያለው፣ የሚሮጥ ልጅ ሁሉ በረጋ መንፈስ ይየው። የባጃጁንም ድምፅ ከግቢያችሁ ሆኖ ይስማ።

ነገር ሲበላሽ

ውሻ ሰው ከነከሰ። የእናንተም ይሁን የሰፈር፣ የተከተበም ይሁን፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ይዛችሁ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱና የታዘዘውን መርፌ ሁሉ ጨርሱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ግን መርፌው አይቅር፣ አይዘግይም። በባህል መድኃኒት ብቻ ቀን አታባክኑ። ውሻውን አትግደሉት፣ ዝጉበትና 10 ቀን በሐኪም ምክር ይታይ።

ቡችላው አስመልሶ ደም ካስቀመጠ። እስኪነጋ አትጠብቁ። ሐኪም ጋ ውሰዱ፣ ዋናው ነገር ያጣውን ፈሳሽ መተካት ነው። ከሞተ የነካውን ወለልና ዕቃ በ1 እጅ በረኪናና በ30 እጅ ውሃ እጠቡ። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ዓመት ሊቆይ ስለሚችል ክትባቱን ያልጨረሰ ሌላ ቡችላ ወደዚያ ግቢ አታምጡ።

ምግቡ አጠገብ ካጉረመረመ። አትምቱት። ብትመቱት ማጉረምረሙን ትቶ ሳያስጠነቅቅ መንከስ ይማራል። ለብቻው አብሉት፣ ስታልፉ ከያዘው የተሻለ ነገር፣ ቁራሽ እንቁላል ለምሳሌ፣ ጣል አድርጉለት።

እየከሳ ከሄደ። መጀመሪያ የትል መድኃኒቱን ቀን ካርዱ ላይ እዩ፣ ቀጥሎ ምግቡን ለ3 ቀን መዝኑ። ብዙ ጊዜ አንዱ ጋ ታገኙታላችሁ።

በእርግጥ ካልተስማማችሁ። ማታ መኪና ላይ ጭናችሁ ከከተማ ውጭ አትጣሉት። ለአዲሱ ወሳጅ ጠባዩን ሳትደብቁ ንገሩት፣ ነክሶ ከሆነም ነክሷል በሉ። የክትባት ካርዱን፣ ሳህኑንና የሚተኛበትን ጨርቅ አብራችሁ ስጡ። የራሱ ሽታ ያለበት ጨርቅ አዲሱ ቤት የመጀመሪያውን ሌሊት ያቀልለታል።